70 ጥማድ መሬት ለ500 ነፍስ



ስለ አውራምባ ያልሰማ ተማሪ ከመካከላችን አለ ለማለት ያስቸግራል። በቴሌቪዥን አይተናታል፤ በጋዜጣ አንብበናታል፤ በየስብሰባውም ተናጋሪው ንግግሩን ለማሣመር ሲፈልግ ስሟን ይጠራል። ሴቷ ታርሳለች፥ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፥ ለማኝ የለም፥ ሽማግሌ ሜዳ ላይ አይወድቅም ይባላል። ከሚባለውም አብዛኛው እውነት ነው። እኛ ብዕር ያነሣነው ይህን ለማስተባበል አይደለም። ያነሣነው በውዳሴው ጀርባ ተፈናጥጦ የሚሄድ አንድ ሐሰት ስላለ ነው።

ሐሰቱን በአጭሩ እንናገረው። ይህች መንደር ይህ ነው የሚባል መሬት ሳይኖራት በሥራና በአስተሳሰብ ብቻ ከሰው እኩል ቆማለች፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ገበሬ ድኅነት የመሬት ጕዳይ መሆኑ ቀርቶ የጭንቅላት ጕዳይ ነው የሚል ነው። ነገሩ እንዲህ ግልጥ ተደርጎ አይነገርም። «የአመለካከት ለውጥ» የሚል የክርስትና ስም ወጥቶለት፥ በትሕትና ተጠቅልሎ፥ ሻይና ብስኩት በሚቀርብበት አዳራሽ ይነገራል። የሚናገሩትም ሰዎች ብዙውን ጊዜ የወር ደመወዝተኞች ናቸው። የመሬት ማነስ ከጓዳቸው ገብቶ አያውቅም።

እኛ ደግሞ የምንለው ሌላ ነው። የአውራምባ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ የመሬት ታሪክ ነው፤ መሬቱን አውጥቶ ሕልሙን ብቻ የሚተርክ ሰው የመንደሯን ታሪክ እኩሌታ ሰርቋል።

መጀመሪያ ስፍራዋን እንወቅ። አውራምባ በደቡብ ጎንደር በፎገራ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ የገበሬ መንደር ናት። ከባሕር ዳር 73 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው፥ በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ጥቂት ከተሄደ በኋላ ከመንገዱ ወጣ ብላ ትገኛለች። በምዕራብ በኩል ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ደለል የሚያለብሱት የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቷል። ዱሮ በከብቱ፥ ዛሬ ደግሞ በሩዙ የታወቀ ለም አገር ነው። አውራምባ ግን በሜዳው ላይ የተቀመጠች አይደለችም፤ ከጥጉ ናት። ነዋሪዎቿም ሕፃን ሽማግሌው ተደምሮ 500 ገደማ ነፍስ ናቸው።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። በበጌምድር የመሬቱ ሥርዓት ርስት ነበረ። ሰው መሬት የሚያገኘው አያት ቅድመ አያቱን ቈጥሮ፥ ከአቅኚው ዘር መወለዱን አስመስክሮ፥ ብዙ ጊዜም በዳኛ ፊት ተሟግቶ ነበር። በርስቱ ላይ ደግሞ ጉልተኛው ግብሩን ይበላ ነበር። በደቡብ እንደነበረው ጭሰኛ በሰሜን አልነበረም እያሉ ይህን ሥርዓት የሚያሞግሱ ሰዎች ዛሬም አልጠፉም። ለመሆኑ ርስት የሌለው ሰው በዚያ አገር አልነበረምን? ነበረ እንጂ። እስላሙ ነበረ። «ሰማይ ዐምድ የለው፥ እስላም አገር የለው» የሚለውን አሳፋሪ አባባል አባቶቻችን ሲናገሩት ቅኔ መዝረፋቸው አልነበረም፤ የመሬቱን ሕግ መናገራቸው ነበረ። እስላሙ በአብዛኛው ርስት ተከልክሎ፥ ወይ የሰው መሬት በእርቦ እያረሰ፥ ወይ እየነገደ፥ ወይ ሸማ እየሠራ ይኖር ነበር። ሸማ መሥራቱንም «ቁጢት በጣሽ» ብለው ይሰድቡበት ነበር። ሸማውን ለብሰው፥ ሠሪውን ተሳድበው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር።

የአውራምባ መሥራች አቶ ዙምራ ኑሩም ሆኑ ከመጀመሪያዎቹ ባልንጀሮቻቸው ብዙዎቹ ከዚሁ ወገን የተወለዱ ናቸው። ይህን ማንም አያነሣም። ሁሉም የሚያወጋው ዙምራ ገና ሕፃን ሳሉ እናታቸው ከባሏ እኩል በእርሻ ደክማ ውላ፥ ማታ ደግሞ እሱ ሲያርፍ እሷ ስትፈጭ፥ ስትጋግርና እግር ስታጥብ አይተው ይህ ለምን ይሆናል ብለው መጠየቃቸውን ነው። ታሪኩ የታመነ ነው፤ ራሳቸው ደጋግመው ተናግረውታል። ጥያቄያቸው በመንደሩ እንደ እብድ አስቈጥሯቸው፥ በ13 ዓመታቸው ገደማ ከቤት ወጥተው፥ በጎጃም በጎንደርና በወሎ አምስት ዓመት ያህል የሚመስላቸውን ሰው ሲፈልጉ መንከራተታቸውም እንደዚሁ የታወቀ ነው። ትምህርት ቤት ግን ገብተው አያውቁም። በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው፥ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ፥ በአንድነት እያረሱ በእኩልነት ለመኖር መንደሯን ቈረቈሩ።

1964 የሚለውን ዓመት አንባቢ ልብ ይበል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዚህ የኛ ማኅበር ታላላቆች፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ምክር ቤቱ ከወጡ ሰባት ዓመት ሆኖ ነበር። ተማሪው በከተማ በመፈክር የጠየቀውን እነዚያ ፊደል ያልቈጠሩ ገበሬዎች አንዱ ስለ ሌላው ሳይሰማ በማሳ ላይ ጀመሩት። እንዲያውም አንድ ነገር ጨመሩበት። መፈክራችንን በሰዋስው ዓይን ብናየው «ላራሹ» ይላል እንጂ «ላራሿ» አይልም። ታላላቆቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ቋንቋው ራሱ እርፍ ያዡን ወንድ አድርጎ ነው የሚያስበው። በአውራምባ ግን ሴቷ እርፍ ጨበጠች፤ ወንዱም ጥጥ መፍተልና ሊጥ ማቡካት ነውር አይደለም አለ። በዚያ አገር የሴት ልጅ እርፍ መጨበጥ እንደ ምን ያለ ነገር እንደነበረ ከገጠር የመጣን ሁላችን እናውቃለን።

ከዚህ በኋላ አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ፤ የካቲት 25 ቀንም የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ርስትንም ጉልትንም ጭሰኝነትንም በአንድ ቀን ሻረ። ጾታ ሳይለይ፥ ራሱ ለማረስ የሚፈቅድ ሰው ሁሉ ለራሱና ለቤተ ሰቡ የሚበቃ መሬት ይሰጠዋል አለ። ለአንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህን 10 የሚለውን ቍጥር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንፈልገዋለን። ጾታ ሳይለይ የተባለውማ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ሲደርስ የአባወራው ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። የባልና የሚስት ስም በአንድ የይዞታ ደብተር ላይ አብሮ ሲጻፍ በአማራ ክልል የታየው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የዘመኑን ጉድ ተመልከቱ። ደርግ በሰኔ 1971 ዓ.ም. የአምራቾች ማኅበር መመሪያ አወጣ። መልባ፥ ወልባ፥ ወላንድ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ተቈጠሩ። ገበሬው መሬቱን፥ ቀጥሎም በሬውንና ሞፈር ቀንበሩን አዋሕዶ በጋራ እንዲያርስ ተሰበከለት፤ ስብከቱ አልያዝ ሲል ደግሞ ተገደደ። ካድሬው በየቀበሌው እየዞረ በፈቃዱ በአንድነት የሚያርስ ገበሬ አለ ወይ ብሎ ይፈልግ ነበር። በፎገራ ውስጥ ነበረ። ካድሬው ሳይወለድ፥ ማንም ሳያዝዘው፥ በገዛ ፈቃዱ ምርቱን አንድ ላይ የሚያገባ፥ የደከመውን የሚጦር፥ ለሥራ ወንድና ሴት የማይለይ የገበሬ ማኅበር ነበረ። ያ መንግሥት ምን አደረገለት? ከተቃዋሚ ኃይሎች ጋር ተባብረሃል ተባለ። ጎረቤትም በሃይማኖት ነገር ቂም ይዞ ነበረና፥ ክሱ ከታችም ከላይም ተገጣጠመ። በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ የመንደሯ ሰዎች ለሕይወታቸው ፈርተው፥ ያላቸውን ጥለው፥ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው ከፋ ውስጥ ቦንጋ ገቡ።

በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አውጃለሁ ሲል እነዚያ በግዴታ የቆሙ የአምራቾች ማኅበራት በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደ ክረምት አጥር ረገፉ፤ ገበሬው በሬውን እየጐተተ ወደ ቤቱ ሄደ። መመሪያ የሌላት፥ ካድሬ የሌላት፥ መሬት እንኳ የሌላት አውራምባ ግን በስደት ላይ ሳለች አልፈረሰችም። ስለ ኅብረት እርሻ ለመጻፍ የሚፈልግ ወንድማችን ካለ እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይጀምር።

በ1985 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። መሬታቸው ግን አልጠበቃቸውም፤ ሰው ገብቶበት ነበር። ሙግትና ልመና ተደርጎ በመጨረሻ የተሰጣቸው 17.5 ሄክታር ነው፤ እሱም ከአካባቢው መሬት ለእርሻ የማይመቸውና ወባ የሚበረታበት ነበር።

አድናቂዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ «በትንሽ መሬት» ብለው በአንድ ቃል ያልፋሉ። እኛ አናልፍም፤ ቁጭ ብለን እንቍጠረው። በአገሩ ልማድ አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ጥማድ ይባላል፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው። እንግዲህ 17.5 ሄክታር 70 ጥማድ ሆነ። አሥር ገበሬ አሥር ጥማድ በሬ ይዞ ቢወጣ የመላዋን መንደር መሬት በሰባት ቀን አርሶ ይገባል። በዱሮው ልክ ግማሽ ጋሻ አይሞላም። 500 ለሚሆን ነፍስ ሲካፈል ለሰባት ሰው አንድ ጥማድ፥ ለአንድ ሰው 350 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ቤቱን፥ ወፍጮውን፥ የሽመናውን አዳራሽና መንገዱን ሁሉ አፍርሰን አንድም ስንዝር ሳይቀር ጤፍ ዘራንበት እንበል። ሄክታሩም 20 ኩንታል ሰጠን እንበል። ለአንድ ሰው በዓመት 70 ኪሎ ነው፤ በቀን ሲመነዘር 200 ግራም አይሞላም። አሁን ያንን ቍጥር እናምጣው። የ1967ቱ ዐዋጅ ለአንድ ቤተ ሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቅዶ ነበር። አውራምባ በሙሉ፥ ከነሽማግሌዋ ከነሕፃኗ፥ በዐዋጁ መሠረት ሁለት ቤተ ሰብ እንኳ ሊይዘው የሚችለውን አልያዘችም።

ይህን የምታህል መሬት የያዘ ገበሬ «ገበሬ» የሚለውን ስም በምን ይዞ ይቀመጣል? የአውራምባ ሰዎችም አልቻሉም። ወደ ሸማ ሥራ ዞሩ። አባቶቻቸው ርስት ስለ ተከለከሉ የያዙትን ሙያ ልጆቻቸው መሬት ስለ ተነጠቁ ደግመው ያዙት። የመሬት ዐዋጅ ታውጆ፥ ሁለት መንግሥት ተለውጦ፥ የእነዚህ ሰዎች ዕጣ ዞሮ እዚያው መቈራረጫው ላይ ቆመ። አንድ ሰው የመንደሯን ታሪክ በአንድ መስመር ጻፍ ቢለን የምንጽፈው ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነገር ማንም ሊያሳንሰው አይችልም፤ እኛም ኮፍያችንን እናነሣለን። ሸማውን ወንዱም ሴቷም ሠሩ። ወፍጮ ተከሉ፤ የጎረቤት ገበሬም እህሉን እያመጣ ያስፈጫል። ለደካማ ሽማግሌ መጦሪያ ቤት አቆሙ፤ ከሳምንቱም ለአቅመ ደካማው የሚሠሩበትን ቀን ለዩ። ለልጆቻቸው ትምህርትና ቤተ መጻሕፍት አዘጋጁ። ልጃገረድን በሕፃንነት መዳር ከለከሉ። ለሠርግና ለተዝካር የሚወጣውን ወጪ አስቀሩት። ይህ የመጨረሻው ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ በየመንደራችን ስንት ገበሬ ለአባቱ ተዝካር በሬውን አርዶ በሚቀጥለው ክረምት በሬ ሲለምን እንደኖረ የምናውቅ ነንና። ፈጣሪ አለ ብለው ያምናሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ግን አልሠሩም። በዚህ ምክንያት ዛሬም ድረስ የሚጠሏቸው አሉ። እነዚህን በጭፍን የሚጠሉ ሰዎች ለማሳመን አንደክምም፤ የኛ ክርክር በጭፍን ከሚወዱት ጋር ነው።

አድናቂ ብዙ ነው። ከፈረንጅ አገር ይመጣል፥ ከአዲስ አበባም በአውቶቡስ ይመጣል። መንደሯን ገነት ብሎ ይጠራል፤ ጋቢ ይገዛል፤ ፎቶ ይነሣል። የመንደሯ ሰዎችም ታሪካቸውን ሲያወጉት ከሕልሙ ይጀምራሉ፤ እንግዳው የሚጠይቀው ሕልሙን ነውና። 17.5 ሄክታር የሚለው ቍጥር በወሬው መጨረሻ ላይ፥ እንግዳው ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ይመጣል። ባለሥልጣንም ይመጣል፤ አርአያ፥ ተምሳሌት የሚሉ ቃላት ተናግሮ ይሄዳል። በ2002 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለአቶ ዙምራ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷል። ደግ አደረገ፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰ ሰው በሥራው ዶክተር መባሉ የሚያስደስት ነው። ይሁንና አገሪቱ ለዚህች መንደር ልትሰጣት ከምትችላቸው ነገሮች ሁሉ የሚቀላትን መርጣ ሰጠቻት። ወረቀት አይታረስም።

የእንግዳ ገንዘብም ቢሆን የማይታመን ሰብል ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ዓለምን ሁሉ ቤት ሲዘጋ፥ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ደቡብ ጎንደር ሲገባ፥ በ2015 መጨረሻም በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ሲነሣ፥ ጋቢ ለመግዛት ከባሕር ዳር መኪና የሚያስነሣ ማን አለ? መንገድ ሲዘጋ ክር አይገባም፥ ሸማ አይወጣም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የገጠር ሰው የሚሸሸገው በጎተራው ነው። ጎተራው ደግሞ የሚሞላው ከማሳ ነው፤ 350 ካሬ ሜትር ላይ ጎተራ አይቆምም። «የአመለካከት ለውጥ» ሰባኪዎች መልስ ካላቸው በዚሁ ጋዜጣ ላይ ይጻፉልን፤ ሳንቈርጥ እናትምላቸዋለን።

አሁን የሚነሣብንን ክርክር እናውቀዋለን። መሬት አይለጠጥም፥ የፎገራ ገበሬ ሁሉ መሬት ጠቦታል፥ ለአውራምባ ይሰጥ ስትሉ ከማን ተነጥቆ ነው? ይሉናል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ በሳቅ አናልፈውም። በስደታቸው ጊዜ ገብቶ ያረሰው ጎረቤት ራሱ ደኻ ነው። የሱም ልጆች አድገዋል፤ የሱም ማሳ ለልጅ ልጅ ተሸንሽኗል። አሁን እሱን ንቀሉት የሚል ካለ እኛ የመጀመሪያ ተቃዋሚዎቹ ነን። ደኻን ከደኻ አጋጭቶ መሬት ማከፋፈል በዚህ አገር ተሞክሮ የተረፈው ደም ብቻ ነው።

ግን መሬት የለም ማለት ከየት መጣ? በዚህች አገር በዘመናችን መንግሥት ባለሀብት ለሚላቸው ሰዎች መሬት በሺህ ሄክታር ሲሰጥ አይተናል፤ ያን ጊዜ መሬት ይለጠጥ ነበርን? እዚያው አጠገባቸው ርብን ገድቦ በሺህ የሚቈጠር የፎገራና የአካባቢው ሄክታር ለማጠጣት የሕዝብ ገንዘብ ወጥቷል። ውሃ የገባለት መሬት በዓመት ሁለቴ ያፈራል፤ ሁለቴ የሚያፈራ መሬትም ለአንድ መንደር ቦታ ሊያተርፍ ይችላል። ከዚህ ውስጥ አርአያ ናት እየተባለች በየመድረኩ ለምትጠራ መንደር ምን ያህል ይታሰብላት ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር ሊቈጠር አይገባውም። ካሣ ከፍሎ፥ ጎረቤትን አስማምቶ፥ በሕግ መንገድ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። የማይሆነው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ደግሞም አውራምባን ለብቻዋ ነጥለን የምንለምንላት እንዳይመስል። እሷን የመረጥነው ሁሉም ስለሚያውቃት ነው። ስሟ በቴሌቪዥን ያልተጠራ፥ ገነት ያልተባለ፥ ልጆቹ አንድ ጥማድ ለሰባት የደረሳቸው ስንት መንደር በእነብሴ፥ በእስቴ፥ በላስታ ተቀምጧል። ታዋቂዋ መንደር ይህን ካላገኘች ያልታወቁት ምን ሊያገኙ ነው?

ወደ ራሳችን ወደ ተማሪዎቹ እንምጣ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ስለየአውራጃው፥ ስለየወረዳው ሲጽፉ ኖረዋል። ይህ የሚያስመሰግን ልማድ ነው። የጽሑፎቹን ርእስ ተራ በተራ ያየ ሰው ግን አብዛኛው የመኳንንት ትውልድ፥ የደብር ምሥረታና የጦር ሜዳ ታሪክ መሆኑን ያገኛል። የመንደር ታሪክ ምን ታሪክ ነው፥ ወሬ ነው እንጂ፥ የሚል ንቀት አሁንም በክፍላችን ውስጥ አለ። ራስ እገሌ በየትኛው ድንኳን እንዳደሩ የሚያውቅ ተማሪ ያደጉበት ቀበሌ ማሳ በ1967 ስንት ጥማድ እንደነበረና ዛሬ ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ዝም ይላል። የንጉሥ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበረው፤ የ70 ጥማድ መሬት ዜና መዋዕል ጸሐፊ የለውም።

የተጻፈውም ቢሆን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አውራምባን በተመለከተ መጠይቅ ይዞ ያልሄደ የትምህርት ክፍል የለም ማለት ይቻላል፤ የጾታ እኩልነቱን የሚለካ፥ የቱሪዝሙን ዕድል የሚለካ፥ የኅብረት ሥራውን የሚለካ። ገበሬው ከድውሩ ተነሥቶ፥ ክሩን አቁሞ፥ ግማሽ ቀን ለጥያቄው ይመልሳል። ተማሪው ዲግሪውን ይወስዳል። ጽሑፉ ተጠርዞ፥ መልሱን የሰጠው ሰው በማያነበው ቋንቋ፥ ሰው በማይደርስበት መደርደሪያ ይቀመጣል። ቀጥሎ የሚመጣውም ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ይህ አሠራር ከጉልተኛው አሠራር በምን ይለያል? እሱም ከሰው ጉልበት ወስዶ መልስ አይሰጥም ነበር።

ስለዚህ የሚቀጥለው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ይህን እንዲወስን እንጠይቃለን። ከመካከላችን ወደ ፎገራም ሆነ ወደ ሌላ ገጠር ለመመረቂያ ጥናት የሚሄድ ሁሉ የጽሑፉን ፍሬ ነገር በአማርኛ፥ ወይም በዚያ አገር ሰው ቋንቋ፥ ጽፎ አንድ ቅጂ ለመንደሩ እንዲያስገባ። ማባዣውን ማኅበሩ ይቻል፤ ይህን ጋዜጣ የሚያባዛ ማሽን ያንንም ማባዛት አያቅተውም። በጽሑፉም ውስጥ፥ ርእሱ ምንም ይሁን ምን፥ የመንደሩ መሬት ስፋት፥ የሰዉ ቍጥርና መሬቱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ በየትኛው ዓመት እንደተላለፈ የሚያሳይ አንድ ገጽ ይኑር። ለአውራምባ ደግሞ በተለይ፥ ከስደት በፊት ያርሱት የነበረው ማሳ ወሰኑ የት እስከ የት እንደነበረ፥ የሚያስታውሱት ሽማግሎች ሳያልፉ፥ ከአቶ ዙምራ ሌላ ያሉት መሥራቾች፥ በተለይም ሴቶቹ፥ በቃላቸው የሚሰጡት ምስክርነት በስማቸው ይመዝገብ። ጽሑፉ ሲያልቅ የሚቀመጥበት ቤተ መጻሕፍት እዚያው መንደሯ ውስጥ አለ፤ ልጆቹም አማርኛ ያነባሉ።